ጃኖ ባንድ በቆላ ጆሮ

በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባለችው የሰሊጥ ከተማ ሸሕዲ ያደገ ጆሮ ከሁለት ወገን ሲቀለብ የኖረ ጆሮ ነው። በአንድ በኩል ከደጋ የሚወርደው ማሲንቆ አለ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ቀን ሠራተኛው ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ወደ እርሻው ይወርዳል፤ አዝማሪውም ገንዘብ ያለበትን ተከትሎ ይመጣል። በሌላ በኩል ከጋላባት ማዶ የሚሻገረው ሱዳንኛ አለ። የሱዳናዊውን የመሐመድ ወርዲን ዘፈን ዐረብኛ የማይሰማውም ሰው አብሮ ያንጎራጉረዋል። ሮክ ግን በዚህ በኩል እንግዳ ነው፤ “የፈረንጅ ጩኸት” ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። እኔ ግን ማሲንቆና ሱዳንኛ ለለመደ ሰው ጃኖ ባንድ መድረክ ላይ ሲጫወት ባዕድ አይሆንበትም ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ላስረዳ፤ በዚያውም ባንዱን ላስተዋውቃችሁ።

ጃኖ ባንድ አዲስ አበባ ውስጥ የተሰባሰበው እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ነው። ያሰባሰበው አዲስ ገሠሠ ከቦብ ማርሊ ቤተሰብ ጋር በሙዚቃ አስተዳዳሪነት የሠራ፣ የባንድን ሥራ ከጓዳው የሚያውቅ ሰው ነው። ከፊት አራት ድምፃውያን ቆሙ፦ ሔዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ እና ኃይሉ አመርጋ። ከኋላቸው ሚካኤል ኃይሉ በሊድ ጊታር፣ ዳንኤል ነጋሽ በቤዝ፣ ኪሩቤል ተስፋዬ በኪቦርድ ተሰለፉ። የመጀመሪያ አልበማቸው “ኤርታሌ” እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 የሄርቢ ሃንኮክን “ሮክኢት” ከሠሩት አንዱ ነው፤ የቻግኒዋን እጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ለዓለም አድማጭ ያቀረበም እሱ ነው። ስለዚህ ቅኝታችንን ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም። ሁለተኛው አልበም “ለራስህ ነው” እ.ኤ.አ. በ2018 ተከተለ። ባንዱ ስታዲየም እንደሚሞሉት ነጠላ ድምፃውያን አልገነነም፤ የራሱ ታማኝ አድማጭ ግን አለው።

እኛ አገር ባንድ አዲስ ነገር አይደለም። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ከዚያ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ሮሃ፣ ዳህላክ መጡ። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሆቴል የገባ ታዳሚ ሌሊቱን በሙሉ እዚያው ስለሚያድር ባንዶቹ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ግን አብዛኞቹ አጃቢ ነበሩ። ሮሃ ማሕሙድ አሕመድን፣ አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩን አጀበ፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ድምፃዊው ነው። በኋላ ደግሞ አንድ ኪቦርድ ድራሙንም ቤዙንም ትራምፔቱንም ተክቶ ቁጭ አለ፤ ርካሽ ስለሆነ ባንዱን ከሠርግ ቤት አስወጣው። የጃኖ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዘፋኙ የባንዱ አባል እንጂ ጌታው አይደለም። ዜማውን ድምፃውያኑ ይቀባበሉታል፤ “ተቀበል!” የሚለውን የአዝማሪ ቤት ልማድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አብዛኛው የሱዳን ዘፈንም እንዲሁ ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ሱዳንኛ ለሐበሻ ጆሮ የሚጥመው በዋናነት በዚህ ይመስለኛል። ሮክ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ልጅ ነው። የሮክ ጊታሪስት ገና ሲጀምር የሚማረው፣ ሶሎ ሲጫወትም ጣቱ ደጋግሞ የሚያርፍበት የድምፅ መሰላል ባለ አምስት ድምፅ ነው። ይህ መሰላል የእኛ ሙዚቀኞች ባቲ ማይነር ከሚሉት ጋር ኖታ በኖታ አንድ ነው። ስለዚህ ጃኖዎች ጊታሩን በባቲ ሲያስጮኹት ሁለት ባዕድ ነገር በግድ አላጋቡም፤ ቀድሞውኑ የሚገጥም ነገር ነው ያገኙት። አንቺ ሆዬ ሌላ ጉዳይ ነው። የውጭ ጊታሪስት እጅ ያልለመደው እርምጃ አለበት፤ በዚህ ቅኝት ከባድ ሮክ መጫወት የእኛ ልጆች ሊኮሩበት የሚገባ ሥራ ነው።

“ድምፁ ግን ሻካራ ነው፣ ይረብሻል” የሚል አለ። እውነት ነው፣ ሻካራ ነው፤ ግን ሆን ተብሎ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ሲግናል አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ በዚህም ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ፣ አንዱ ክር እንደ ብዙ ክር ይሰማል። ይህን ሻካራነት ለመጥላት ከመቸኮላችን በፊት በገናን እናስታውስ። የበገና ድምፅ የሚያነዝረው በክሩና በብርኩማው መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራው ነው። እንዝራው ቢወጣ በገናው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ግን በገናነቱ ይቀራል። አባቶቻችን ንዝረትን እንደ ጉድለት አላዩትም፤ ለጸሎት መረጡት። ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለ ቡድን ደግሞ ከሌላው ጫፍ ተነሥቶ ወደዚያው ደርሷል። ተመስገን ዘለቀ ክራሩን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ሲገርፈው፣ ግሩም በጋሻው በከበሮ፣ ገነት አሰፋ በድምፅ ሲከተሉት የሚሰማው ነገር ከሮክ አይለይም። በመካከላቸው ጊታር የለም።

ይህ ሁሉ በስልክ ስፒከር አይገባችሁም። ስልክ ቤዙን ይበላዋል፤ የሮክ ግማሽ አካሉ ደግሞ ቤዝና የድራሙ እግር ነው። ቀጥታ ሲጫወቱ ምቱ በደረት ነው የሚሰማው፤ ሠርግ ቤት ከከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሌላው ነገር ቀጥታ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች መሳሳት መቻላቸው ነው። በፕሌይባክ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ዘፋኝ ገንዘብ ከፍሎ ማየት እኔን ያናድደኛል፤ ካሴት ቤቴ አለ። ባንድ ግን ሕዝቡ ሲሞቅ ዘፈኑን ያረዝመዋል፣ ሲቀዘቅዝ ያሳጥረዋል፤ ጊታሪስቱ ድራመሩን በዓይኑ ጠቅሶ መመለሻውን ይነግረዋል። መድረክ ላይ ሙዚቀኞቹ እግር ሥር የተጋደሙት ስፒከሮች ሞኒተር ይባላሉ፤ ለእናንተ ሳይሆን ለእነሱ ነው የሚጮኹት። ሞኒተሩ ከተበላሸ ዘፋኙ ራሱን ስለማይሰማ ከቅኝት ይወጣል፤ ተመልካቹ ግን “ድምፅ የለውም” ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ከሕዝቡ መካከል ሚክሰር ፊት ለሚቆመው ባለሙያ ማንም ባያጨበጭብለትም የምሽቱን ግማሽ የሚሠራው እሱ ነው። በሸሕዲ ድግሶች ላይ የድምፅ ነገር የሚበላሸው በአብዛኛው ዘፋኝ ጠፍቶ አይደለም። ሁሉንም ነገር እስከ መጨረሻው ከፍቶት የሚሄድ ሰው ስለሚበዛ ነው።

የድምፁን ነገር ካነሣን አንድ ጥንቃቄ አለ። ጆሮ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው ሩብ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ያወጣው ጣሪያም በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው። የሮክ መድረክ ይህን በቀላሉ ያልፋል። በቤቱ ጥግ እየቆሙ ማረፍ፣ የጆሮ መድፈኛ መያዝ አያሳፍርም። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ይጠቀሙበታል።

ሸሕዲ ድረስ እንዲህ ያለ ባንድ ማምጣት ዛሬ ቀላል አይደለም። ድራም፣ አምፕሊፋየር፣ ሚክሰር፣ ጀነሬተርና የሠራተኛው ጓዝ የጭነት መኪና ይፈልጋል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት የአማራ ክልል መንገድ ምን እንደሚመስል ለአንባቢዬ አልነግርም። ከድንበሩ ማዶም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነት ነው፤ ሙዚቀኛው በእንግድነት ይመጣበት በነበረው ድልድይ ስደተኛ ተሻግሯል። ስለዚህ ለጊዜው መንገዱ ወደ ባንዶቹ ነው። ለሕክምናም ለንግድም አዲስ አበባ የምትወጡ ወንድም እኅቶቼ፣ አንድ ምሽት ለባንድ ሙዚቃ መድቡ። ወደ አዳራሹ ስትገቡ መጀመሪያ “ላይቭ ነው ወይስ ፕሌይባክ?” ብላችሁ ጠይቁ። ላይቭ ከሆነ ከመድረኩ ፊት አትጋፉ፤ ሚክሰሩ ካለበት አጠገብ ቁሙ። ድምፁ ተስተካክሎ የሚሰማው እዚያ ነው።