የታመመ የአኳሪየም ዓሣ እንክብካቤ

የታመመ የአኳሪየም ዓሣ እንክብካቤ በመስተዋት ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ የሚኖር የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ሲታመም መንስኤውን መለየትን፣ ውሃውን ማስተካከልንና አስፈላጊ ከሆነ ሕክምና መስጠትን ያጠቃልላል። ዓሣ የሚተነፍሰውም ሆነ ቆሻሻውን የሚያስወግደው በዚያው በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት የሚመረመረው ውሃው ነው።

በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ለምሳሌ በባሕር ዳርና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሐሙሲት፣ ዓሣ በገንዳ ለሚያኖር ሰው ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። እነዚህም የአካባቢው ከፍታና የሐይቁ ቅርበት ናቸው።

የሕመም ምልክቶች

የታመመ ዓሣ ምግብ ይተዋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ያጣብቃል፤ ሰውነቱን በድንጋይ ላይ ያሻል፤ ወይም ከገንዳው ወለል ላይ ተኝቶ ይቀራል። ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ደጋግሞ የሚከፍት ዓሣ ኦክስጅን አጥሮታል ወይም የመተንፈሻ አካሉ (ስንጥቡ) ተጎድቷል።

መንስኤውን ለመገመት የሚረዳ ቀላል መለያ አለ። ሁሉም ዓሦች በአንድ ጊዜ ከታመሙ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ነው። ሕመሙ በአንድ ዓሣ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹ ከተዛመተ ግን ተላላፊ በሽታ ይጠረጠራል።

የውሃው ሁኔታ

ከዓሣ ዓይነ ምድርና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይወጣል። በገንዳው ማጣሪያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በአዲስ ገንዳ የገቡ ዓሦች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

የመጀመሪያው እርዳታ ከውሃው ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ቀይሮ ምግብ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ማቆም ነው። ሙሉውን ውሃ በአንድ ጊዜ መቀየር ዓሣውን በድንገተኛ ለውጥ ይጎዳዋል። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አጥቦ ማጽዳትም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረው ክፍት በሆነ ዕቃ ለ24 ሰዓት ያህል ካደረ በኋላ ይጨመራል። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚውለው ውሃ አጋርም ክሎሪን ስላለው በገንዳ ውስጥ አይጨመርም።

ከፍታና ኦክስጅን

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ እስከ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በጣና ከፍታ የሚይዘው 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቆላማ አገሮች የተዘጋጁ መመሪያዎች የሚፈቅዱት የዓሣ ብዛት በዚህ አካባቢ ሊበዛ ይችላል።

ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው፤ ሌሊት የውሃ ዕፅዋትም ኦክስጅን ይጠቀማሉና። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ እንዲሁም ምግብ መስጠት ማቆም ዓሦቹን ሊያተርፍ ይችላል።

የተለመዱ በሽታዎች

ነጭ ነጥብ፦ በዓሣው ቆዳ ላይ የተበተነ ጨው የመሰሉ ነጥቦች የሚታዩበት ሲሆን፣ መንስኤው ኢክቲዮፍቲሪየስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ በቆዳው ሥር ካደገ በኋላ ወደ ገንዳው ወለል ወርዶ ወደ ብዙ መቶዎች ይከፋፈላል። ሕክምና የሚገድለው አዲስ ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙትን ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ እንደጠፉ ሕክምናውን ማቋረጥ በሽታውን ይመልሰዋል።

የክንፍ መበስበስ፦ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን የክንፉ ጠርዝ ይነጣል፣ ይሸራረፋል። ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ ውሃን ተከትሎ ይከሰታል።

ሻጋታ፦ በቆሰለ ቦታ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ሆኖ ይበቅላል።

የጨው ሕክምና

ለነጭ ነጥብና ለቀላል የቆዳ ችግር ተራ ጨው ይረዳል። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 ግራም፣ ማለትም ለ100 ሊትር ገንዳ ከ200 እስከ 300 ግራም ነው። ጨው በውሃ ተሟሙቶ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይጨመራል፤ ሕክምናውም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ጨው ከውሃው ጋር አይተንም። በትነት የጎደለው በንጹሕ ውሃ ብቻ ይተካል፤ ውሃ ሲቀየር ደግሞ ለተቀየረው መጠን ብቻ ጨው ይጨመራል። ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችና የውሃ ዕፅዋት ጨውን በደንብ ስለማይቋቋሙ የታመመውን ዓሣ ለብቻው በሌላ ዕቃ ማከም ይመረጣል።

ለሰው የተሠሩ የቴትራሳይክሊን እንክብሎችን በገንዳው ውስጥ መበተን የማጣሪያውን ባክቴሪያዎች ሊገድል፣ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችንም ሊያፈራ ይችላል። ፀረ ባክቴሪያ የሚታዘዘው በእንስሳት ሐኪም ነው። በመድኃኒት የታከመ ዓሣ ለምግብ አይውልም። እጁ የቆሰለ ሰውም ባዶ እጁን በገንዳው ውስጥ ማስገባት የለበትም፤ ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ የሚተላለፍ ባክቴሪያ አለና።

ከጣና የተያዙ ዓሦች

ከሐይቁ የተያዘ ዓሣ ጤነኛ ቢመስልም ጥገኛ ትሎች ሊኖሩበት ይችላሉ። በጣና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ውስጥ ኮንትራሲከም የተባለ ክብ ትል፣ በትናንሾቹ የባርበስ ዝርያዎች ሆድ ውስጥ ደግሞ ሊጉላ የተባለ ጠፍጣፋ ትል ተገኝተዋል። ሊጉላ የዓሣውን ሆድ ይነፋል፤ እንዳይራባም ያደርገዋል። ትሉ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ዓሣውን በበላው ወፍ አንጀት ውስጥ ነው። በገንዳ ውስጥ ወፍ ስለሌለ ዑደቱ ይቋረጣል፤ አስቀድሞ የተያዘውን ዓሣ ግን በጨው ማዳን አይቻልም። ማንኛውም አዲስ ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻው ይቆያል።

ገንዳውና ሐይቁ

የታመመ ዓሣን «ይዳን ይሆናል» ብሎ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ መልቀቅ በሽታውን ወደ ዱር ዓሦች ሊያሻግር ይችላል። በጣና ከሌላ ቦታ የማይገኙ የሌቢዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል በሐሙሲት አቅራቢያ ወደሚፈሰው ጉማራ ወንዝ ይወጣሉ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣውና በዓለም ላይ በአብዛኛው ለጌጥ ተብሎ የተሰራጨው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ከታየ ወዲህ ያስከተለው ጉዳት፣ ለጌጥ የመጣ ሕይወት ወደ ሐይቅ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ስለዚህ የሞተ ዓሣ ይቀበራል፤ የሕክምናው ውሃም ከሐይቁና ከወንዞች ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይፈስሳል። መረቡና ዕቃዎቹ ደግሞ ታጥበው በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከደረቁ በኋላ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላሉ።