ኢንተርንሺፕ ማኅተም ማስመታት ብቻ አይደለም

ተመራቂ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ “ጀማሪ ድርጅት ለማቋቋም ከየት ልነሳ?” ብለው ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ከኢንተርንሺፓችሁ።

1. ችግር ልቀሙ። በተመደባችሁበት መሥሪያ ቤት ደንበኛው በምን ይማረራል? የትኛው ሥራ በወረቀት ይጓተታል? በየቀኑ ጻፉት። ለሪፖርት ሳይሆን ለራሳችሁ።

2. ሐሳቡን ፈትኑ። አፕ ከመሥራታችሁ በፊት አሥር ተጠቃሚ አነጋግሩ። “ጥሩ ነው” ማለት “እከፍላለሁ” ማለት አይደለም።

3. የሚመጥናችሁን የጀማሪ ድርጅቶች ድጋፍ ፕሮግራም ምረጡ። ኢንኩቤተር ስሙን የወሰደው ከእንቁላል ማስፈልፈያው ነው፤ ገና ሐሳብ ላይ ላሉት ይሆናል። አክስለሬተር ደግሞ ገበያ የጀመረውን ያፋጥናል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው አይስአዲስ ቀዳሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን የመሠረቱት ብሉሙን ደግሞ ግብርና ላይ አተኩሮ ተነሳ።

4. ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ፕሮግራሙ የሚሰጣችሁ ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ በድርሻ ልዋጭ? በድርሻ ከሆነ ስንት በመቶ? ቸኩሎ የተሰጠ ድርሻ በኋላ ለማስመለስ ይከብዳል።

ሐሳብ ብቻውን ንግድ አይሆንም። ዛሬ ደብተር ያዙ፤ ነገ ደንበኛ ፈልጉ።

እናንተስ በኢንተርንሺፓችሁ ምን ችግር አያችሁ? ከታች ጻፉልኝ።