ልምላሜ የሸፈነው አሲድ፦ የአፈር ትምህርት በነቀምቴና በወለጋ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ዙሪያዋም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ለብሶ ስለሚከርም፣ ከደረቁ አገር የሚመጣ እንግዳ የዚህ ምድር አፈር ይጎድለዋል ቢሉት በቀላሉ አያምንም። ቡርቃ ጃቶ የሚባለው የከተማዋ ክፍል ስሙ ራሱ ውኃን ያስታውሳል፤ "ቡርቃ" በአፋን ኦሮሞ ምንጭ ማለት ነውና። ነገር ግን ልምላሜውን የሚያመጣው ይኸው ዝናብ በሺህ ዓመታት ውስጥ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ እያጠበ ወደ ታች አስርጓቸዋል፤ በለቀቁትም ቦታ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ስለተተኩበት አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ለአካባቢው ወጣቶች ስለ አፈርና ስለ ዘላቂ አጠቃቀሙ የሚሰጥ ትምህርት ዋና ፈተናም እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳቱ ለዓይን አይታይም።

የአሲዳማነት መለኪያው ፒ ኤች ይባላል። ሰባት ቁጥር መካከለኛውን የሚያመለክት ሲሆን፣ ከዚያ በታች እያንዳንዱ አንድ ደረጃ መውረድ አሲድነቱ በአሥር እጥፍ መጨመሩን ያሳያል፤ ስለዚህ ፒ ኤች 5 የሆነ አፈር ፒ ኤች 6 ከሆነው በጥቂቱ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ይብሳል። ቁጥሩ ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ማዕድን ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የሥርን ጫፍ ይመርዛል፤ ገበሬው በማዳበሪያ መልክ ያስገባው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተነካ እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ ወለጋ ችግሩ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በነጆ፣ በነቀምቴና በባኮ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ለዓመታት የተመራማሪዎች መሥሪያ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የተለመደው የአፈር ትምህርት ግን የተቀረጸው በሌላ ችግር አምሳል ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተካሄደው የደጋ መሬቶች ጥናት በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር ከደጋው ይጠረጋል ብሎ ከገመተ ወዲህ፣ ስለ አፈር ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ጎርፍ፣ ቦረቦርና እርከን ሆነ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አረንጓዴ አሻራ ተጨምሮበት ችግኝ መትከል ራሱ እንደ ትምህርት መቆጠር ጀመረ። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን ቦረቦር በዓይን ይታያል፣ እርከንም በእጅ ይሠራል፤ በቀይ አፈር ላይ የተቀመጠ የነቀምቴ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ የተራቆተ ተራራ ሥዕል እያየ በመስኮት ሲመለከት ግን የሚያየው አረንጓዴ ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የሌላ አገር ሰዎች መከራ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

የማስተማሪያው መንገድም ቢሆን ለዚህ ጉዳይ አልተመቸም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ "ፕላዝማ" የተባለው፣ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ በተወሰነ ፍጥነት ሲያስተላልፍ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅ፣ መልሱንም ራሱ ይመልስ ነበር። በወለጋ ደግሞ አብዛኛው ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ በዘጠነኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ስለሚሸጋገር፣ ስለ አፈር የሚያውቀው በአንድ ቋንቋ፣ የሚፈተነው በሌላ ቋንቋ ይሆናል። ከእናቱ ቋንቋ የሚያገኘው ነገር ቀላል አይደለም፤ አፈር "ቢዬ"፣ አገር ደግሞ "ቢያ" ነው፣ ገበሬውም መሬቱን በቀለሙና በባሕርዩ ለይቶ ስም ይሰጠዋል። በነቀምቴ በአፋን ኦሮሞ ማስተማር እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ከተማዋ ከመጣው ከመምህሩ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ዘመን ጀምሮ የቆየ ታሪክ ያለው መሆኑ ሲታሰብ፣ የአፈር ትምህርት እነዚህን ቃላት ደጅ ትቶ መግባቱ ያስገርማል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ መግባቱ ጥሩ በር ከፍቷል፤ በሩ የሚጠቅመው ግን ክፍሉ ውስጥ አፈር ከገባ ብቻ ነው።

አሳታፊ የሚባል ትምህርት ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዎ" እንዲል ማድረግ አይደለም፤ ተማሪው መልሱን ሳያውቅ ግምቱን በጽሑፍ አስቀምጦ፣ ቀጥሎም ነገሩ ራሱ ግምቱን ሲያጸድቅለት ወይም ሲያፈርስበት የሚያይበት ነው። ለዚህ ደግሞ የወለጋ ገጠር የተዘጋጀ ጥያቄ አለው፦ የጓሮ በቆሎ ከራቅ ካለው ማሳ በቆሎ ይልቅ ረዝሞና ጠቁሮ የሚበቅለው ለምንድን ነው? ከገበሬ ቤት የመጣ ልጅ ሁሉ ይህንን አይቷል፤ አብዛኛው "ፍግ ስላለው" ብሎ ይመልሳል፣ መልሱም እውነት ነው፣ ነገር ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በየዕለቱ ከምድጃ እየተጠረገ ጓሮ የሚደፋው አመድ ነው፤ አመድ በካልሲየምና በፖታሲየም ውሕዶች የተሞላ ስለሆነ አሲድን ያረክሳል።

ይህንን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚያስፈልገው ዕቃ ከገበያ የሚገኝ ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ተከትፎ በውኃ ሲፈላ የሚወጣው ወይን ጠጅ ፈሳሽ ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ አመድ የገባበት ውኃ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ተማሪዎች ከማሳ፣ ከጓሮና ከአመድ መድፊያው ሥር አፈር በቆርቆሮ አምጥተው፣ እያንዳንዱን በዝናብ ውኃ በጥብጠው፣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ጠብቀው፣ ከላይ የጠራውን ከጎመኑ ፈሳሽ ጋር ሲቀላቅሉ ልዩነቱን ያያሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ሊደብቀው የማይገባ ጉድለት አለ፤ የጎመን ቀለም ፒ ኤች 5ን ከ6 በግልጽ አይለይም፣ ስለዚህ የአመዱን አፈር ከማሳው አፈር ይለያል እንጂ ለገበሬ ምክር የሚሆን ቁጥር አይሰጥም። ቁጥሩ የሚገኘው በአፈር ላቦራቶሪ ነው፤ ለዚህም ነቀምቴ የአፈር ምርመራ ማዕከል ያላት ከተማ መሆኗ፣ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም እዚያው መገኘቱ ለትምህርት ቤቶች ትልቅ ዕድል ነው። የመሣሪያን ወሰን ማወቅ ራሱ የሳይንስ ትምህርት ስለሆነ፣ ቀለሙ ያታለላቸው ተማሪዎች ቀለሙ ከሰመረላቸው ያነሰ አይማሩም።

መፍትሔው ኖራ መሆኑ ሲነገር ብዙ መጻሕፍት እዚያው ላይ ያቆማሉ። በአቼቶ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ይህ ነጭ የድንጋይ ዱቄት አሲዱን እንደሚያረክስ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ገበሬው ለምን እንደማይጠቀምበት ለማስረዳት ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። በሄክታር 3 ቶን ኖራ ቢታዘዝ 30 ኩንታል ማለት ነው፤ ሩብ ሄክታር ያለው ቤተሰብ 7.5 ኩንታል ማጓጓዝ አለበት፣ አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 15 ጊዜ መመላለስ ይኖርባታል። ለዓመታት በጥቅሉ ሲመከር የኖረው ማዳበሪያ ግን በሄክታር 1 ኩንታል ዳፕና 1 ኩንታል ዩሪያ ነበር። ኖራው ርካሽ ቢሆንም መንገዱ ውድ ነው፤ የ16 ዓመት ተማሪ ይህንን በራሱ ሲያሰላ "ገበሬው ግንዛቤ የለውም" የሚለውን የስብሰባ ቃል በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል፤ መጀመርም ይገባዋል።

ከነጆ አልፎ ወደ መንዲና ወደ መና ሲቡ ሲዘለቅ ጥያቄው ይለወጣል፤ እዚያ የመሬቱ ስም ከምስጥ ጋር ተያይዟል። ምስጥ ሰብል፣ ባሕር ዛፍና የቤት ምሰሶ ስለሚበላ ለዓመታት ኩይሳው እየተቆፈረ ንግሥቲቱ ስትወጣ፣ መርዝም ሲረጭ ቆይቷል። በሌላ በኩል ጥፋቱ ከመጠን ባለፈ ግጦሽ ከተራቆተ መሬት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ምስጡም የሚበላው ደረቅ ሣር ስላጣ ወደ ሰብሉ መዞሩን የሚያስረዱ ተመራማሪዎች አሉ። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ማከራከር የሚገባው እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው፣ ሁለቱም ወገን ከቤቱ የሚያመጣው ማስረጃ አለውና።

ወደ ማሳ መውጣትን እንደ ግዴታ የሚያስቀምጥ የትምህርት ዕቅድ ደግሞ በዚህ ዘመን በወለጋ አይሠራም። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ የቆየው የጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መንገድም አስፈርቷል፤ ስለዚህ ትምህርቱ በግቢው አጥር ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ሆኖ መነደፍ አለበት። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊዘርላንድ ዜጎች የጥጥ የውስጥ ሱሪ ቀብረው ከወራት በኋላ ምን ያህሉ እንደተበላ በማየት የአፈራቸውን ሕይወት መዝነዋል፤ በነቀምቴ ግቢ አንድ ክንድ አቡጀዲ ተቆራርጦ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከመጫወቻ ሜዳው ጠርዝና ከአመድ መድፊያው አጠገብ ቢቀበር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የቀረው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ፣ አፈሩ በሚሠራበት ክረምት ነው፤ ተማሪው ሲመለስ ሰብሉ አድጎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የኖራና የአመድ ሙከራው በጣሳ ውስጥ ይካሄዳል፦ ኖራው ወይም አመዱ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ፣ ረጥቦ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ፣ ሌላው ጣሳ እንዳለ ይተዋል፤ ቀጥሎ በሁለቱም ገብስ ይዘራል፣ ገብስ አሲድ ቶሎ ከሚጎዳቸው ሰብሎች አንዱ ነውና። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ቅጠሉ ብዙም ላይለያይ ይችላል። ችግኙ በቀስታ ተነቅሎ ሥሩ በሳህን ውኃ ውስጥ ሲታጠብ ግን የአንዱ ሥር ቀጭን፣ ነጭና ቅርንጫፋም ሆኖ ይንሳፈፋል፤ የሌላው አጥሮ፣ ጫፉ ወፍሮና ቡናማ ሆኖ ይገኛል፣ ተማሪዎቹም በማስመሪያ ለክተው በደብተራቸው ላይ ከመጀመሪያው ግምታቸው አጠገብ ይጽፉታል።