ኮንስታብሉን ማን መረጠው?

በሰሜን ጎንደር በየዳ ወረዳ ውስጥ ሌሊት ሰው ቢገደል፣ ከድል ይብዛ ጣቢያ የተነሳው ኮንስታብል ሬሳው ዘንድ ሲደርስ ቀኑ ሊጋመስ ይችላል። ገዳዩ ወደ ቆላው ወርዶ ይሆናል። የሟች ወንድሞች መሣሪያቸውን ወልውለዋል፤ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ እየተጠራሩ ነው። ያየ የሰማው ጎረቤት «እኔ ምን አውቄ» ይላል፤ ከገዳዩ ዘመዶች ጋር ከአንድ ምንጭ የሚቀዳው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው እሱ ነውና። ተጠርጣሪው ቢያዝ እንኳ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ከዚያ ውጭ ይታሰባል የሚለውን ሐረግ ያስገባው ሰው ሰሜንን በእግሩ የሄደበት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመውን ሰው የሚመለምለው የአማራ ክልል ነው፤ አንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ማደራጀትን ለክልሎች ሰጥቷል። ወጣቱ ማስታወቂያ አይቶ ይመዘገባል፣ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣል፣ የጤና ምርመራ ያልፋል፣ ከዚያ ሥልጠና ይገባል። የክልሉ ፖሊስ ኮሌጅ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከደባርቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሰሜን ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ለሦስት ተከፍሎ ደባርቅ የዞን ዋና ከተማ ስትሆን የመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለሰዉ ቀርቧል። ምልመላውና ሥልጠናው ግን በዚያው በቆየ መንገድ ቀጠለ።

ከመስፈርቶቹ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ልጁ ጠጪ ይሁን፣ ተደባዳቢ ይሁን፣ እጁ ከሰው ንብረት ይድረስ አይድረስ፣ ቤተሰቡ ደም ያለበት ይሁን አይሁን ከቀበሌው ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፖሊስ ሳይኖር አገሬው ሌባውን በአውጫጭኝ የሚያወጣው በዚሁ እውቀት ነበር። ደብዳቤውን የሚፈርመው ግን አገሬው ሳይሆን ሹሙ ነው። ለሹሙ ደግሞ የወንድሙ ልጅም አለ፣ በስብሰባ ላይ የሚያስቸግረው ጎረምሳም አለ።

ሊዛ ዴኒና ደመላሽ ካሳዬ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአማራ ክልልን የማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ፈትሸዋል። በየቀበሌው የተመደበው ፖሊስ፣ ሽማግሌዎችና «የቤተሰብ ፖሊስ» የተባለው አደረጃጀት ተረዳድተው ወንጀልን የሚከላከሉበትን መንገድ አሳይተዋል። ያው መረብ ግን የመንግሥትና የፓርቲ መቆጣጠሪያም እንደነበር አልሸሸጉም። ገበሬው ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። ለፖሊሱ የነገረው ነገር ካድሬው ዘንድ ይደርስ እንደሆነ ሳያጣራ አፉን አይከፍትም።

ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ከተቋቋመ ወዲህ ክለሳ ጠፍቶ አያውቅም። የቅርቡ ትልቁ ክለሳ በ2013 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዶክትሪን ነው፤ ለፓርቲ ያልወገነ፣ ሕዝብ የሚያገለግል ፖሊስ ይላል። ወረቀቱ ደባርቅ የደረሰው ግን በክፉ ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር መጣ። ከነሐሴ 25 እስከ 29 ባሉት ቀናት የትግራይ ኃይሎች በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች 26 ያለ ፍርድ የተገደሉ ሰዎችን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከ100 በላይ ብለዋል። ክልሉ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይውጣ ብሎ ጥሪ አስተላለፈ። በዚያ ክረምት ስለ ማስረጃ አሰባሰብና ስለ ምርመራ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ የሚቆጠረው ተኳሽ ነበር።

ከዚያ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ወሰነ። አባላቱ መከላከያን፣ ፌዴራል ፖሊስን ወይም የክልል ፖሊስን እንዲመርጡ ተነገራቸው። ክልሉ በተቃውሞ ተናጠ፤ ብዙዎቹ ከነመሣሪያቸው ሄዱ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክልሉም የአድማ መከላከል ፖሊስ እያሠለጠነ ማስመረቁን ቀጠለ። ለውጊያ የሠለጠነ ሰው ወደ ፖሊስ ሲዛወር የሚቀየረው መለዮው ብቻ ከሆነ ችግሩ ወደ ጣቢያው ይገባል። ወታደር ጠላቱን ከሩቅ ያየዋል፤ ፖሊስ ያሰረውን ሰው እናት በማግስቱ ገበያ ያገኛታል። በችኮላ መመልመሉን አልፈርድበትም፤ እሳት የገባበት አገር ውኃውን መርጦ አይቀዳም። ስህተቱ እሳቱ ሲበርድም የተመለመለውን ተመልሶ አለመፈተሽ ነው።

ኬንያ ላይ አንድ የሚጠቀስ ነገር ሆኗል። በ2014 እ.ኤ.አ. በየሜዳው በአንድ ቀን የተካሄደው የ10,000 ፖሊሶች ምልመላ በጉቦና በዝምድና ተበላሽቷል ተብሎ ተከሰሰ። ከሳሹ ራሱ በሕግ የተቋቋመ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ምልመላውን ሰረዘው። በቀጣዩ ዓመት የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ሲጠቃ ፕሬዚዳንቱ ምልምሎቹ ሥልጠና ይግቡ ብለው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ስረዛውን አጸና። እኛ ዘንድ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም አሉ። ሥራቸው የሚጀምረው ግን በአብዛኛው ሰው ከተበደለ በኋላ ነው፤ በደባርቅ ወይም በዳባት በተለጠፈ የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ጣቱን የሚቀስር ገለልተኛ አካል ያስፈልጋል። ዝርዝሩ በገበያ ቀን ተለጥፎ ሰው በምስጢር ቅሬታ ቢያቀርብበት፣ የቀበሌው ፊርማ ብቻውን ወሳኝ አይሆንም።

ሥልጠናውም ከመሬቱ ቢጀምር እላለሁ። ሰልፍና ተኩስ ይቅር የሚል የለም። ግን የሰሜን ፖሊስ በደም በሚፈላለጉ ወገኖች መካከል እንዴት እንደሚቆም፣ የሽማግሌ እርቅ የት ላይ አብቅቶ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ የት ላይ እንደሚከፈት፣ የተጠለፈችን ልጅ ቃል ለመቀበል ማን እንደሚቀመጥ በምሳሌ ሊማር ይገባል። ነባሩ ዋና ሳጅን ይህን ያውቃል፤ ጡረታ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል።

ዳባት አጠገብ ደግሞ ዓለምዋጭ አለ፤ ከትግራይ ካምፖች የተነሱ ኤርትራውያን ስደተኞች የሰፈሩበት ጣቢያ ነው። ነዋሪዎቹ ዝርፊያና እገታ ያመለክታሉ፤ ቃላቸውን የሚቀበል መርማሪ ትግርኛ ያስፈልገዋል። ከጭና በኋላ ይህን መናገር ለአንዳንዱ ጆሮ ይከብድ ይሆናል። ግን በምልመላ ማስታወቂያዎቻችን ግርጌ «ሴቶች ይበረታታሉ» ተብሎ መጻፉን ለምደናል፤ ከሥሩ «ትግርኛ የሚችሉ ይበረታታሉ» ብሎ ለመጨመር አንድ መስመር ይበቃል።