ከኦፕራሲዮን በፊት መድኃኒት፦ ጋሼ ይፈርሙ ወይስ አይፈርሙ?

እኛ ወንዶች ቡና ላይ የማናነሳውን ጉዳይ ዛሬ ላንሳ። ጋሼ የምላቸው የሰፈራችን ሰው የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ ለልጆቻቸው እንኳ ሳይተነፍሱ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። በሽታው ኃይለኛ ከሚባለው ዓይነት ቢሆንም ከፕሮስቴቱ አልወጣም፤ ስለዚህ ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ሐኪሙ ግን ሌላ ወረቀት ዘረጋ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለጥቂት ወራት መድኃኒት የሚሰጥበት ጥናት አለ፤ ይገባሉ ወይ?

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው "መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?" አሉ።

የጋዜጠኝነት ልማድ አይለቅምና ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ ማታ ማታ የቆዩ ጥናቶችን አገላብጥ ጀመር። የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. 1941 ላይ ነው። የቺካጎው ሐኪም ቻርልስ ሃጊንስ ይህ ካንሰር የወንድ ሆርሞን ሲነፈገው እንደሚከስም አሳየ፤ በ1966 ኖቤል ተሸለመበት። ታዲያ በመድኃኒት አስርቦ፣ አሳንሶ፣ ከዚያ መቁረጥ አይሻልም? ሐሳቡ ያጓጓል። በ1990ዎቹ 303 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ተሞከረ። በወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘው፣ ሦስት ወር መድኃኒት ከወሰዱት በ18 ከመቶው፣ በቀጥታ ከተቆረጡት ግን በ48 ከመቶው ነበር። እልል የሚያሰኝ ውጤት! ከአምስት ዓመት በኋላ በደም ምርመራ በሽታው ያልተመለሰባቸው ሲቆጠሩ ግን መድኃኒት የወሰዱት 65፣ ያልወሰዱት 68 ከመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። ጠርዙ ጠራ እንጂ ሰውየው አልተጠቀመም።

በ2020 የወጣው ሌላ ጥናት 788 ሰዎችን ይዞ፣ በሆርሞን ማገጃው ላይ ዶሴታክሴል የተባለውን ኬሞቴራፒ ጨመረ። በሦስተኛው ዓመት 89 ከመቶ በ84 ሆነ፤ በጥናት ሚዛን ልዩነት የማይባል ነው። በረዥሙ ክትትል ግን የተስፋ ጭላንጭል ታይቷል። መመራመሩ የቀጠለውም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ነው፤ በጥናቶቹ ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው። ይህንንም ለጋሼ ነገርኳቸው።

በሁለተኛው ቀጠሮ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ማስተርጎም ነበረብኝ። ሙቀትና ላብ፣ ድካም፣ የሴት ፍላጎት መጥፋት። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዝኩት ሰውዬ፣ ከአባቴ እኩያ ፊት የመጨረሻዋ ቃል አንቃኝ ነበር። ጋሼ ግን ሳቅ ብለው "ካንሰሩ ሲያንስ ዕድሜዬ ይረዝማል ወይ? በልና ጠይቅልኝ" አሉ።

"የምናጠናው እሱን ለማወቅ ነው፤ ባይስማማዎት በፈለጉ ጊዜ መውጣት ይችላሉ" አለ ሐኪሙ።

"ይኼ ሰው አይዋሽም" አሉና ብዕሩን ተቀበሉ። ከመፈረማቸው በፊት ግን አስቀመጡትና ለትልቋ ልጃቸው ስልክ ደወሉ።