ከ«ቤቶች!» እስከ «ሆዲ!»፦ የስዋሂሊ የመጀመሪያ ደብተራችን

ሙኑኪ ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ እስከ ትምህርት ቤታችን በር የሚሄድ ልጅ በአንድ ጠዋት አራት ቋንቋ ይሰማል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጁባ ዓረብኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ። አራተኛው ደግሞ የቦዳ ቦዳ ነጂዎች፣ የጋራዥ ሠራተኞችና ከኒሙሌ የመጡ የጭነት መኪና ሹፌሮች እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ስዋሂሊ ነው። ሦስቱን ለምደናቸዋል። አራተኛውን ግን ለብዙ ዓመት ሰምተን እንዳልሰማ እናልፈው ነበር።

ያነቃን ከአንዲት ጓደኛችን የደረሰን መልእክት ነው። አምና ከእኛ ጋር ሰባተኛ ክፍል ተምራ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ናይሮቢ ሄደች። በኬንያ ስዋሂሊ ብሔራዊ ቋንቋ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ጋርም የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ ተማሪ ሁሉ የግድ ይማረዋል። ጓደኛችን በሒሳብ ከማንም እንደማታንስ፣ በእረፍት ሰዓት ግን የሚያናግራት አጥታ ብቻዋን እንደምትቀመጥ ነገረችን። ከእኛም መካከል ስምንተኛን ጨርሰው ወደ ኬንያ የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ ዘንድሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ስዋሂሊ ለመማር ተስማማን።

አስተማሪያችን ከሩቅ አልመጡም። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ልጅ ሳሉ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ጋምቤላ ተሰድደው በፉኝዶ መጠለያ ኖረዋል፤ አማርኛን የለመዱት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙ ሺህ እኩዮቻቸው እንደገና በእግራቸው ተመለሱ። በ1992 በሰሜን ኬንያ የካኩማ መጠለያ ሲቋቋም ከገቡት መካከልም ነበሩ፤ ስዋሂሊን የተማሩት እዚያ ነው። ለዚህ ነው ስዋሂሊን በአማርኛ ሊያስረዱን የቻሉት። ከእሳቸው የቀሰምነውን እነሆ ለአንባቢ እናካፍላለን።

ሰላምታ

ስዋሂሊ የሚጀምረው በሰላምታ ነው፤ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ እኛው ነውር ነው። ለአንድ ሰው «ሁጃምቦ?» ይባላል፤ መልሱ «ሲጃምቦ» ነው። ለብዙ ሰው «ሃምጃምቦ?» ሲባል መልሱ «ሃቱጃምቦ» ይሆናል። «ጃምቦ» ማለት ጉዳይ፣ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ጠያቂው «ክፉ ነገር የለብህም?» ይላል፤ መላሹም «ምንም የለብኝ» ይላል።

እኛ «እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ» እንደምንለው እነሱም ሰላምታቸውን በቀኑ ሰዓት ይለዋውጣሉ። «ሃባሪ» ወሬ ማለት ነው። ጠዋት «ሃባሪ ዛ አሱቡሂ?»፣ ቀን «ሃባሪ ዛ ምቻና?»፣ ማታ «ሃባሪ ዛ ጂዮኒ?» ይላሉ። ለሁሉም መልሱ «ንዙሪ» (ደህና) ነው።

ለታላቅ ሰው የሚቀርበው ሰላምታ «ሺካሞ» ነው። መነሻው «እግርዎን እይዛለሁ» የሚል አባባል ነው ይባላል፤ ጉልበት መሳም ላደግንበት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትልቁ ሰው «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። በወጣቶች መካከል ግን «ማምቦ?» ሲባል «ፖአ» ይመለሳል። ከእኛ አንዱ ይህን ልዩነት ሳያውቅ ሽበታም ሽማግሌ ሹፌርን «ማምቦ?» አላቸው። ሰውየው አልተቆጡም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩት። እኛ ዘንድ የአያትን እኩያ «እሺ፣ እንዴት ነው ባክህ!» እንደ ማለት መሆኑን የነገሩን ጋሼ ናቸው።

ሰው ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ ቆሞ «ሆዲ!» ማለት ይገባል። ይህ የእኛው «ቤቶች!» ነው። ከውስጥ «ካሪቡ!» (ይግቡ) ይባላል። «አሳንቴ» አመሰግናለሁ፣ «ታፋዛሊ» እባክዎ፣ «ሳማሃኒ» ይቅርታ፣ «ኳሄሪ» ደህና ሁን፣ «ንዲዮ» አዎ፣ «ሃፓና» አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ የወደድነው ቃል «ፖሌ» ነው። ለታመመ፣ ለደከመ፣ ለተደናቀፈ ሰው ይባላል። ጥፋት ባይኖርብንም እንለዋለን፤ የአማርኛው «አይዞህ» ማለት ነው። የአንዱ ጓደኛችን እናት ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። አንድ ቀን በኒሙሌ መንገድ መኪናው ተበላሽቶበት ሁለት ሌሊት ሜዳ ያደረ ሹፌር ገባ። ልጃቸው ውኃ አቅርቦ «ፖሌ» ሲለው ሰውየው ቀና ብሎ አየውና ወሬውን ሁሉ በስዋሂሊ ዘረገፈለት። ልጁ ከዚያ ሁሉ የገባው አምስት ቃል አይሞላም። ያም ሆኖ ሹፌሩ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ሁለት ጓደኞቹንም አስከትሎ ነበር።

ፊደላችን ይረዳናል

በስዋሂሊ አብዛኛው ድምፅ በአናባቢ ያልቃል፤ ስለዚህ በፊደላችን መጻፍ ይመቻል። «ካሪቡ» ሦስት ፊደል፣ ሦስት ድምፅ ነው። «ኘ» ም አላቸው፦ «ኛማ» ሥጋ፣ «ኛኛ» ቲማቲም ነው፤ በኬንያ «ኛኛ» አያትም ማለት ነው። ቀ፣ ጠ እና ጨ ግን የሏቸውም፤ ስለዚህ ቃሎቻቸውን ሳናጠብቅና ሳንፈነዳ ለስላሳ አድርገን እንናገር። የአነጋገሩ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው አንድ ድምፅ ቀድሞ ያርፋል፦ ካ-ሪ-ቡ ሲባል «ሪ» ላይ።

የምናውቃቸው ቃላት

ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ከዓረብኛ ብዙ ወስዷል። አማርኛ የዓረብኛ ዘመድ ስለሆነና እሱም ስለተዋሰ፣ ሳንማር የምናውቃቸው ቃላት ሞልተዋል፦ «ሳአ» ሰዓት፣ «ዳኪካ» ደቂቃ፣ «ዋካቲ» ወቅት፣ «ሄሳቡ» ሒሳብ፣ «ሱካሪ» ስኳር፣ «ዳሙ» ደም። «ካላሙ» ግን ቀለም ሳይሆን እስክሪብቶ ነው። «ሶኮ» ም ሱቅ ሳይሆን ገበያ ነው።

ቁጥሮቹ ከአንድ እስከ ዐሥር፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ። ሲታ፣ ሳባና ቲሳ በጁባ ዓረብኛ የለመድናቸው ናቸው። አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ፦ «ኤልፉ» አንድ ሺህ ነው፤ የአማርኛው እልፍ ግን ዐሥር ሺህ ነው። በገበያ ይህ ልዩነት ኪስ ይነካል። ዋጋ ለመጠየቅ «ቤይ ጋኒ?»፣ ለማስቀነስ «ፑንጉዛ» ይባላል።

በጣም ያስደሰተን የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። የውጭ አገር ሰው ሲሰማ ግራ የሚጋባበት የእኛ አቆጣጠር ለስዋሂሊ ተናጋሪ የራሱ ነው። ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር ይጀምራሉ፦ «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ» ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ «ሳአ ሲታ ምቻና» ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት መደመርም መቀነስም አያስፈልገንም።

ግሡ

ብዙዎች የሚፈሩት ግሡን ነው፤ እኛም ፈርተን ነበር። ነገር ግን አማርኛ ለሚናገር ሰው መንገዱ ግማሽ ተጠርጓል። እኛ «እማራለሁ» ስንል ማን እንደሚማር በዚያው ቃል ውስጥ አለ። ስዋሂሊም እንዲሁ ነው። ግሡ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለ ሦስት ክፍል አለው፦ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ።

ማን ለሚለው፦ ኒ (እኔ)፣ ኡ (አንተ፣ አንቺ)፣ አ (እሱ፣ እሷ)፣ ቱ (እኛ)፣ ም (እናንተ)፣ ዋ (እነሱ)።
መቼ ለሚለው፦ ና (አሁን)፣ ሊ (ያለፈ)፣ ታ (የሚመጣ)፣ ሜ (ተፈጽሞ ያለቀ)።
ግሡ «ሶማ» ይሁን፤ ማንበብ፣ መማር ማለት ነው።

አሁን እናቀጣጥል፦ ኒ-ና-ሶማ፣ እማራለሁ። ቱ-ና-ሶማ፣ እንማራለን። ዋ-ሊ-ሶማ፣ ተማሩ። ቱ-ታ-ሶማ፣ ወደፊት እንማራለን። ኒ-ሜ-ሶማ፣ ተምሬያለሁ። አማርኛ «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስበር» እያለ የግሡን ሆድ ይለዋውጣል። ስዋሂሊ ግን «ሶማ»ን ሳይነካ ፊቱን ብቻ ይቀይራል። ስድስቱንና አራቱን የያዘ ሰው በአንድ ግሥ ሃያ አራት ነገር መናገር ይችላል።

ማፍረሻው ደግሞ የአማርኛን መንገድ ይመስላል። እኛ «አልማርም» ስንል ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» እናደርጋለን። እነሱም አሁን ለሚሆነው ነገር ከፊትም ከኋላም ይነካሉ፦ ሲሶሚ (አልማርም)፣ ሁሶሚ (አትማርም)፣ ሃሶሚ (አይማርም)፣ ሃቱሶሚ (አንማርም)። «ና» ይወድቃል፤ መጨረሻውም ከ«ማ» ወደ «ሚ» ይለወጣል። ለጀማሪ በጣም የሚጠቅመው «ሲኤሌዊ» (አልገባኝም) የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

ድርጊቱ የሚደርስበት ሰውም እንደ አማርኛው ግሡ ውስጥ ይገባል። «እወድሃለሁ» ውስጥ «ሃ» እንዳለ ሁሉ «ኒ-ና-ኩ-ፔንዳ» ውስጥ «ኩ» አለ።

የሚከብደን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው። እኛ «ዳቦ እገዛለሁ» ብለን ግሡን እናስከትላለን፤ እነሱ «ኒናኑኑዋ ምካቴ» ብለው ያስቀድሙታል። ሁለተኛው ጾታና አክብሮት በግሡ አለመታየቱ ነው። «አ-ና-ቱ-ፉንዲሻ» ማለት ያስተምረናል፣ ታስተምረናለች፣ ያስተምሩናል ማለት ነው፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ታዲያ ጋሼን «አንተ» ብለን ልንጠራቸው ነው ወይ ብለን ተጨነቅን። እሳቸው ስቀው አክብሮቱ በመጠሪያው እንደሚገባ አስረዱን፦ ለሽማግሌ «ምዜ»፣ ለእናት «ማማ»፣ ለአስተማሪ «ምዋሊሙ»።

ለምን ይጠቅመናል?

ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ሆናለች። የምንበላውና የምንለብሰው አብዛኛው ዕቃ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በኡጋንዳ አቋርጦ 192 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የኒሙሌ–ጁባ መንገድ ይደርሰናል። በ2022 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት እዚያው በአገራችን ዋና ከተማ አዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው አድርጎ ተቀብሏል። በየዓመቱ ጁላይ 7 የዓለም የስዋሂሊ ቀን ይከበራል፤ ይህም ከደቡብ ሱዳን የነጻነት በዓል ሁለት ቀን ቀድሞ ነው።

እኛ ግን የጀመርነው ለጉባኤ ብለን አይደለም። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ለናይሮቢዋ ጓደኛችን ሁላችንም ተሰብስበን በስዋሂሊ የድምፅ መልእክት ላክንላት፤ እሷም በዚያው ቋንቋ መለሰችልን። ንግግሯ ፈጣን ስለነበር ግማሹ አመለጠን። ሦስት ጊዜ ደግመን ከሰማን በኋላ አሁን በእረፍት ሰዓት አብረዋት የሚቀመጡ ሁለት ልጆች እንዳሉ ገባን።

ለጋሼ ደግሞ ባስተማሩን ቋንቋ እንዲህ እንላለን፦ ምዋሊሙ ዌቱ፣ አሳንቴ ሳና። መምህራችን፣ በጣም እናመሰግናለን። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ታናናሾቻችንም በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእናንተ ነውና በሩ ላይ «ሆዲ!» በሉ።