አሮጌ የግራፊክስ ካርድ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዕዳ እየሆነ ነው

በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ለመከራየት የሚያስብ ባለሀብት መብራቱን፣ ደመወዙንና እስከ ወደብ ያለውን ማጓጓዣ አስቀድሞ ያሰላል። የቢሮው ኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በዋጋው ብቻ ነው።

ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ሥራው ቆመ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ በነበሩት ሁለት ዓመታት በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒዩተር የደኅንነት ማስተካከያ አይደርሰውም። በዚያው ጊዜ ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ ዓለም ተለውጦ ነበር። ኤንቪዲያ የተባለው አምራች በ2021 እ.ኤ.አ. የጂፎርስ 600 እና አብዛኞቹን የ700 ካርዶች ከአዳዲስ ድራይቨሮቹ አስወጣ። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለ400 እና ለ500 ካርዶች በሊኑክስ ላይ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ዘጋ።

ጉዳዩ አሁን የነጋዴውን ኪስ የሚነካው በሁለት ምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። አዲስ ማሽን መግዛት ላልቻለ ሰው ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ መልካም መውጫ ይመስላል። ነውም፤ ካርዱ ካልከለከለው።

በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን በስክሪን የሚያሳየው ነባሩ ፕሮግራም ኤክስ ይባላል። በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬም የሚሠራበት አስራ አንደኛው ስሪት የወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እንዲተማመኑ ተደርጎ በመሠራቱ፣ አንዱ ፕሮግራም ሌላው መስኮት ላይ የሚተየበውን ማንበብ ይችላል። የሂሳብ ሹሙ የባንክ የይለፍ ቃል ሲጽፍ ከጎን የተከፈተ አንድ ተራ ፕሮግራም ቃሉን ሊቀዳ ይችላል ማለት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ተራ ተጠቃሚ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶበታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ስህተት ወጥቷል። ሠላሳ አምስት ዓመት!

ተተኪው ዌይላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ፕሮግራሞችን ይነጣጥላል። ለድርጅቶች ሊኑክስ የሚሸጠው ሬድ ሃት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው 10ኛ ስሪቱ የኤክስን ሰርቨር ጨርሶ አውጥቶታል።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድጋፉ የተቋረጠ የኤንቪዲያ ድራይቨር በዌይላንድ ላይ በአግባቡ አይሠራም፤ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ሲመጣም አይገጥምም። ባለቤቱ ካርዱን ለማሠራት ሲል አሮጌ ከርነልና አሮጌ ኤክስ ይዞ ይቀመጣል። ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር አለ፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ካርዶች ላይ ፍጥነቱ ደካማ ነው። ሻጭ «ካርድ አለው» ብሎ የሚጨምረው ዋጋ እንግዲህ ለሊኑክስ ገዢ የሚቀነስ መሆን ነበረበት።

በገበያው ተፈላጊ የሆኑት የጂቲኤክስ 900 እና 1000 ካርዶችም ተራቸው ደርሷል። ኤንቪዲያ በ2025 እ.ኤ.አ. 580 የተባለው ድራይቨር ለእነዚህ የመጨረሻው መሆኑን አስታውቋል፤ የደኅንነት ማስተካከያ ግን ለጊዜው አይቋረጥም።

ለደብዳቤ፣ ለሂሳብና ለኢሜይል የሚሆን ማሽን የተለየ ካርድ አያስፈልገውም። የኢንቴል አብሮ ገጠም ግራፊክስና የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨራቸው ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙ ችግር የለባቸውም። ሃምሳ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚገዛ ድርጅት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የቅርብ ጊዜ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዞ ሄዶ፣ ሻጩ ፊት አንዱን ማሽን በእሱ አስነስቶ በዌይላንድ መግባት አለመግባቱን ማየት ይችላል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።